ለኪስ የቀለለች፣ ለእጅ የከበደች

በሰሜን ቨርጂኒያ የምንኖር ሐበሾች ስለ ሽጉጥ በአደባባይ አናወራም። ቡና ላይ ስለ ቤት ዋጋ ይወራል፣ ስለ ልጆች ትምህርት ይወራል፣ የአገር ቤቱ ፖለቲካማ ሁሌም አለ። የሽጉጥ ጥያቄ ግን ሰው ጎን ወሰድ አድርጎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚጠይቀው። «አንተ ተኩስ ትለማመዳለህ አሉ፤ እስቲ አንድ ነገር ላማክርህ» ይሉኛል። ጠያቂዎቹ ብዙ ጊዜ ሌሊት የሚሠሩ ናቸው። ሱቅ ያላቸው፣ ነዳጅ ማደያ የሚያድሩ፣ ምግብ ቤት ዘግተው የቀኑን ገቢ ይዘው በውድቅት የሚወጡ።

ጥያቄው ከሞላ ጎደል አንድ ነው። «ትንሽ፣ ቀላል፣ የማያስቸግር የቱ ነው?» የሚገርመው፣ እኔ ጋ ሲደርሱ መልሱን ይዘው ነው የሚመጡት። የመሣሪያ ሱቅ ሻጭ ከመስታወቱ ሥር አንዲት ጥቁር ድንክ ሪቮልቨር አውጥቶ መዳፋቸው ላይ አኑሮላቸዋል። «ይህቺ ብቻ ናት?» ብለው ተገርመዋል። ኪሳቸው ውስጥ ሲከቷት የለችም። እኔ ጋ የሚመጡት ልባቸው ከወደደ በኋላ ነው።

እኔም እወዳታለሁ። አለችኝም። ነገር ግን በሕይወቱ ተኩሶ ለማያውቅ ሰው አንደኛ ምርጫ ተደርጋ ስትሰጥ ሳይ ያመኛል። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ስለ ምን እንደማወራ ልናገር። ሪቮልቨር ማለት ጥይቶቹን በካርታ (እጀታው ውስጥ በሚገባ የጥይት መያዣ) ሳይሆን በሚሽከረከር ሲሊንደር ውስጥ የሚይዝ ሽጉጥ ነው። ምላጩን በሳብክ ቁጥር ሲሊንደሩ ይዞርና ቀጣዩን ጥይት አፈሙዙ ፊት ያመጣል። ትንንሾቹ ብዙውን ጊዜ አምስት ጥይት ይይዛሉ። አሜሪካኖች ይህን ዓይነት አጭር ሽጉጥ ሲሸከሙ መቶ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ኮልት ዲቴክቲቭ ስፔሻል የሚባለውን በ1927 አወጣ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ደግሞ በ1950 ቺፍስ ስፔሻልን አመጣ። ሁለቱም የብረት ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የማቅለል ታሪክ ነው። ብረቱ በአሉሚኒየም ተተካ። የአሜሪካ አየር ኃይል በ1950ዎቹ ለአብራሪዎቹ እጅግ ቀላል ሪቮልቨር አሠርቶ ነበር። የሽጉጡ አካል ብቻ ሳይሆን ባሩዱ የሚፈነዳበት ሲሊንደር ራሱ አሉሚኒየም ሆነ። አልተሳካም። ግፊቱ ዝቅ ያለ ልዩ ጥይት ተሠራለት፤ አንድ ሰው ተሳስቶ መደበኛውን ጥይት ቢያጎርስበትስ የሚለው ስጋት ግን አልለቀቀም። በመጨረሻ ሽጉጦቹ ተሰብስበው አብዛኞቹ እንዲወድሙ ተደረገ። የት ላይ ማቅለል እንደሚቻልና የት ላይ እንደማይቻል ያኔ በደንብ ታወቀ።

ፖሊመር፣ ማለትም ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ዘግይቶ ነው የመጣው። ካርታ በሚጎርሱት ሽጉጦች ላይ የጀርመኑ ሄክለር ኤንድ ኮህ በ1970 ሞከረው። የኦስትሪያው ግሎክ ደግሞ በ1980ዎቹ ዓለምን አሳመነበት። ሪቮልቨር ግን አሮጌ ወግ የሚወድ ሰው መሣሪያ ስለሆነ ይመስለኛል፣ ሩገር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኤልሲአር የተባለችውን እስኪያወጣ ድረስ፣ ማለትም እስከ 2009 ድረስ፣ ፕላስቲክ አልተነካካም። በማግስቱ ዓመት ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ቦዲጋርድ 38ን አወጣ። የብራዚሉ ታውረስም ተከተለ። እኔ የማውቃት ኤልሲአርን ስለሆነ ከዚህ በኋላ የምናገረው በዋናነት ስለ እሷ ነው።

ፕላስቲክ የሚለው ቃል የኛን ሰው ያስደነግጣል። እኛ አገር መሣሪያ የሚታመነው ሲከብድ ነው። አባቶቻችን አንስተው፣ መዝነው፣ ቆመጥ ሲሆንላቸው ነው «ይሄስ መሣሪያ ነው» የሚሉት። «እጄ ላይ ብትፈነዳስ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው ብዙ ነው። አትፈነዳም፤ ምክንያቱም ፖሊመሩ እሳቱ ጋ አይደርስም። ኤልሲአር ሦስት ዋና ክፍል አላት። ሲሊንደሩ የማይዝግ ብረት ነው። ሲሊንደሩን የሚያቅፈውና አፈሙዙን የሚይዘው የላይኛው አካል 38 ስፔሻል የተባለውን ጥይት በምትተኩሰው ሞዴል ላይ ጠንካራ አሉሚኒየም ነው፤ ጥይቱ የሚያልፍበት የውስጥ ቧንቧ ግን ብረት ነው። ፖሊመሩ ያለው ከሥር ነው። እጀታው የሚጠለቅበትና የምላጩ ማሽን የተቀመጠበት ቤት ማለት ነው። ስለዚህ «የፕላስቲክ ሽጉጥ» ሲባል ግማሹ ብቻ ነው እውነቱ። የባሩዱን ግፊት የሚችለው ያው ብረት ነው።

ጥቅሙ ከክብደቱ ይጀምራል። 38 ስፔሻል የምትተኩሰው ኤልሲአር ባዶዋን 383 ግራም ገደማ ናት። የድሮው የብረት ቺፍስ ስፔሻል 550 ግራም አካባቢ ነው። ፖሊስ ቀበቶው ላይ ይሸከመው የነበረው ትልቁ ሪቮልቨር አንድ ኪሎ ይጠጋል። በወረቀት ላይ ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። አሥራ ሁለት ሰዓት ቆሞ ለሚሠራ ሰው ግን ትንሽ አይደለም። ከባድ ሽጉጥ ሱሪ ይጎትታል፣ ዳሌ ያሳምማል፣ ሰውየው በሁለተኛው ሳምንት አውልቆ መሳቢያ ውስጥ ይጥለዋል። መሳቢያ ውስጥ የተጣለ ሽጉጥ ደግሞ ባለቤቱን አይጠብቅም፤ ሌባ ነው የሚጠቀምበት።

ላብም አለ። የቨርጂኒያ ሐምሌ ምን እንደሚመስል የኖረበት ያውቀዋል። ሰውነት ላይ ተጣብቆ የሚውል የድሮ ሰማያዊ ብረት በየቀኑ ካልተጠረገና ዘይት ካልተቀባ ዝገት ይይዘዋል። ፖሊመሩ ላብ አይነካውም። የማይዝገው ብረትም በቀላሉ አይበገርም። ጽዳት አያስፈልግም ማለት አይደለም፣ ግን ይቅር ባይ ናት።

የምላጩ አሠራርም መወደስ አለበት። በድሮዎቹ ትንንሽ ሪቮልቨሮች ላይ ምላጩ እየተሳበ ሲሄድ መጨረሻው ላይ ይከብድና እጅ ይንቀጠቀጣል። የሩገር መሐንዲሶች ውስጡ ያለውን ክፍል ቅርፅ ለውጠው ክብደቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመጣጣኝ እንዲሆን አድርገዋል። በሱቅ ውስጥ ባዶዋን ስትስባት ቅቤ ናት። ሰው የሚሸነፈውም እዚያ ላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ።

ጥይት ወደፊት ሲወጣ ሽጉጡ ወደኋላ ይገፋል። ይህ ማንም የማይሽረው የተፈጥሮ ሕግ ነው። ጥይቱ ያው ሆኖ ሽጉጡ በግማሽ ቢቀል፣ ወደኋላ የሚመጣበት ፍጥነት እጥፍ ይሆናል። እጅ ላይ የሚያርፈው ጉልበትም እጥፍ ይሆናል። አንድ ኪሎ በሚሆን ሪቮልቨር የተተኮሰ 38 ስፔሻል በ383 ግራሟ ሲተኮስ፣ ምቱ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ነው። ኩባንያው ይህን አውቆ እጀታዋን ለስላሳ ጎማ አልብሷታል፤ ጎማው ይረዳል። ፖሊመሩም ትንሽ ይውጣል ይባላል፣ እኔም እንደዚያ ይሰማኛል። ነገር ግን ጎማም ሆነ ፖሊመር ያንን ጉልበት አያጠፉትም።

አንዲት የሱቅ ባለቤት እናታችን ባለፈው ዓመት ይህችኑ ሽጉጥ ልትገዛ ወስና አማከረችኝ። ሥልሳ አልፏታል። ጣቶቿን ቁርጥማት ይይዛቸዋል፤ ሻጩም ሪቮልቨር የመረጠላት ለዚያ ነው። ካርታ የሚጎርሱት ሽጉጦች ከላይ ያለውን ብረት ወደኋላ መጎተት ይጠይቃሉ፣ ያ ደግሞ ለደከመ እጅ ከባድ ነው። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። «ከመግዛትዎ በፊት ይተኩሱባት» ብዬ ለመንኳት። አብረን ሬንጅ (የተኩስ መለማመጃ) ሄድን። ጆሮዋን ሸፈንን፣ መነጽር አደረግንላት። የሽጉጥ ድምፅ ከ140 ዴሲቤል በላይ ነው፤ አንድ ጊዜ እንኳን ባዶ ጆሮን ሊጎዳ ይችላል። ዒላማውን አምስት ሜትር ላይ ሰቀልንላት።

የመጀመሪያውን ተኮሰች። ወረቀቱን መታች። ፊቷ ግን ተለወጠ። ሁለተኛው ላይ ምላጩን ከመሳቧ በፊት ዓይኗን ጨፈነች፣ አፈሙዙም ወደታች አዘነበለ። ወረቀቱን ሳተች። ሦስተኛው ላይ የምላጩ ቀለበት ከሥር የመሃል ጣቷን መታት። አራተኛውን ሳትተኩስ ጣቷን ከምላጩ አውጥታ፣ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳደረገች፣ ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻት። በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል ያለው ቆዳ ቀልቷል።

«ልጄ፣ እጄን አመመኝ። ይብቃኝ» አለችኝ።

«እትዬ፣ እርስዎ ጋ አይደለም ችግሩ» አልኳት። እውነቴን ነው። ዓይን መጨፈን፣ አፈሙዝ ወደታች መግፋት፣ ትከሻ መኮማተር፣ እነዚህ ሁሉ ምት የሚጠብቅ ሰውነት የሚያደርጋቸው ናቸው። በፈቃድ አይቆሙም። በልምምድ ነው የሚቆሙት። ልምምዱ ደግሞ የሚያሳምም ከሆነ ሰው አይለማመድም። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚቆለፈው። ብዙ ልምምድ የምትፈልገው ሽጉጥ ራሷ ልምምድን ታስጠላለች።

በዚያ ላይ የምላጩ ክብደት አለ። ቅቤ ናት ብያለሁ፣ አልዋሸሁም። ለስላሳ ማለት ግን ቀላል ማለት አይደለም። ለመሳብ ከአራት እስከ አምስት ኪሎ የሚደርስ ጉልበት ትፈልጋለች። አስቡት፤ ሽጉጧ ራሷ አራት መቶ ግራም አትሞላም፣ ጣት ግን አራት ኪሎ ይጎትታል። በጣም ቀላል የሆነ ነገር ላይ ያን ያህል ጉልበት ስታሳርፍ ጫፉ ይወዛወዛል። አፈሙዟ ደግሞ ከአምስት ሳንቲሜትር በታች ነው። የፊቱና የኋላው ማነጣጠሪያ በጣም ስለሚቀራረቡ ጥቂት ሚሊሜትር መዛነፍ ዒላማው ላይ ብዙ ሆኖ ይወጣል። ሽጉጧ ራሷ ትክክል ትመታለች፤ ጠረጴዛ ላይ አስደግፎ የተኮሰባት ያውቃል። የሚከብደው ለሰው ነው።

ሌላ አንድ ነገር አለ፣ ብዙ ሰው አይነግራችሁም። በፍጥነት ሲተኮስ ጣት ምላጩን ሙሉ በሙሉ ሳይለቅ ድጋሚ ይስባል። በኤልሲአር ላይ ምላጩ ሲመለስ መንገድ ላይ «ቀጭ» የሚል ነገር ይሰማል፤ ሰው ያበቃ ይመስለዋል። አላበቃም። ያኔ ሽጉጧ ሳትተኩስ ትቀራለች። ጣት እስከ መጨረሻው ድረስ ወደፊት መመለስ አለበት። ይህን እጅ የሚማረው በመደጋገም ብቻ ነው።

ሪቮልቨር አይነክስም፣ ማለትም ተኩስ መሃል ተይዞ አይቆምም፣ የሚለው አባባልም መስተካከል ያለበት ይመስለኛል። ካርታ ከሚጎርሱት ያነሰ የሚነክስበት ምክንያት አለው፤ ጥይት ከከሸፈ ምላጩን ድጋሚ መሳብ ነው፣ ሲሊንደሩ ወደ ሌላው ይዞራል። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ኮት ኪስ ውስጥ ሆና እንኳን ትተኩሳለች፤ መቺው ውስጥ የተደበቀ ስለሆነ ልብስ አይይዘውም። ነገር ግን ስትነክስ የምር ነው የምትነክሰው። ያልተቃጠለ የባሩድ ቅንጣት ቀለሁን ከሚያወጣው ኮከብ መሳይ ብረት ሥር ከገባ ሲሊንደሩ በደንብ አይዘጋም፣ አይዞርም። ቀላል ሽጉጦች ላይ ደግሞ ሌላ የተለየ ችግር አለ። ምቱ ከመበርታቱ የተነሳ ገና ያልተተኮሱት ጥይቶች ላይ ያለው እርሳስ ከቀለሁ እየተነቀለ ወደፊት ይወጣል። በቂ ከወጣ ሲሊንደሩን ገትሮ ይይዘዋል። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን እጅግ ቀላል የሆኑት የ357 ማግነም (ከ38 የበረታ ጥይት) ሽጉጦቹ አፈሙዝ ላይ፣ ከተወሰነ ክብደት በታች የሆነ ጥይት አትጠቀሙ የሚል ማስጠንቀቂያ ጽፏል፤ ያ ግን ስለ ሌላ ችግር ነው፣ ቀላል ጥይት የቲታኒየም ሲሊንደሩን ቶሎ እንዳይበላው ነው። እርሳሱ መውጣት አለመውጣቱን መፈተኛው ቀላል ነው። አምስት አጉርሶ አራቱን መተኮስ፣ ከዚያ አምስተኛውን አውጥቶ ካልተተኮሰ አዲስ ጥይት ጎን ማስተያየት። ረዝሞ ከተገኘ ያ የጥይት ዓይነት ለዚያች ሽጉጥ አይሆንም።

357 ማግነምን ካነሳሁ አይቀር፣ ኤልሲአር በእሱም ትሠራለች። የላይኛው አካሏ ብረት ስለሆነ ወደ 485 ግራም ትደርሳለች። ሰው «ትልቁን ጥይት ከቻለች ለምን ትንሹን እገዛለሁ?» ይላል። አምስት ሳንቲሜትር በማትሞላ አፈሙዝ ውስጥ የማግነሙ ባሩድ ተቃጥሎ አያልቅም። ከፊሉ አየር ላይ እሳትና ጩኸት ሆኖ ይቀራል። እጅ ግን ሙሉውን ዋጋ ይከፍላል። ያቺን የብረት ሞዴል ገዝቶ 38 ስፔሻል ብቻ መተኮስ ግን ብልህነት ነው፤ ያቺ መቶ ግራም ትልቅ ልዩነት ታመጣለች። ሽጉጧ ሁለቱንም ትወስዳለች።

ሌላው መነሳት ያለበት ዘመኑ መለወጡ ነው። ኤልሲአር በ2009 ስትወጣ፣ ትንሽና አስተማማኝ ለሚፈልግ ሰው ምርጫው ጠባብ ነበር። በ2018 ሲግ የተባለው ኩባንያ ፒ365 የተባለችውን አወጣ። 500 ግራም ገደማ ሆና አሥር ጥይት በካርታዋ ትይዛለች፣ ጥይቱም 9 ሚሊሜትር ነው። ጠፍጣፋ ናት፤ የሪቮልቨር ሲሊንደር ግን ያብጣል። የ9 ሚሊሜትር የመለማመጃ ጥይት ከ38 ስፔሻል በርካሽ ይገኛል። ሌሎቹ ኩባንያዎችም ወዲያው ተከትለዋል። በቁጥር ብቻ ካየነው አምስት ጥይት የምትይዝ ሪቮልቨር ተሸንፋለች። እንደገና ማጉረሱም ቀርፋፋ ነው። በቁጥር የማይታየው ግን አለ። ሪቮልቨር ባዶ መሆኗን ለማወቅ ሲሊንደሯን ገልጦ አምስት ቀዳዳ ማየት ይበቃል። ካርታው ወጥቶ አፈሙዙ ውስጥ አንድ ጥይት መቅረት የሚባል ነገር እሷ ላይ የለም። በዚያ አንድ የቀረ ጥይት ብዙ ሰው ሞቷል። ደካማ እጅ ላለው፣ ማሽን ለማይወድ፣ በወር አንድ ጊዜ ብቻ ለሚነካካ ሰው ያ ግልጽነት ዋጋ አለው።

የቀለለች ሽጉጥ ሌላም ጣጣ አላት፣ በተለይ እዚህ አካባቢ። መኖሯን ታስረሳለች። አንድ የማውቀው ሹፌር «ኪሴ ውስጥ እንዳለች ረስቼ ስንቴ ድልድዩን ተሻግሬያለሁ» ብሎ እየሳቀ አጫወተኝ። እኔ አልሳቅሁም። የቨርጂኒያ ፈቃድ ሜሪላንድ ውስጥ አይሠራም። ዋሽንግተን ዲሲም አይሠራም። ፖቶማክን ስትሻገር ሕጋዊው ሰው ወንጀለኛ ይሆናል። ኡበርና ሊፍት ደግሞ በየትኛውም ግዛት ሹፌሮቻቸው መሣሪያ ይዘው እንዲሠሩ አይፈቅዱም። ከሁሉ የሚብሰው ለግሪን ካርድ ባለቤቶች ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሽጉጥ በሕግ መግዛት ይችላል፤ በመሣሪያ ወንጀል መፈረድ ግን በኢሚግሬሽን ሕጉ ከአገር ሊያስባርር የሚችል ምክንያት ነው። ሃያ ዓመት የተለፋበት ኑሮ በአንድ የትራፊክ ማቆሚያ ሊፈርስ ይችላል። ሌሊት ሌሊት እየነዳችሁ ሦስቱንም ግዛት የምታካልሉ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እባካችሁ ይህን ቀልድ አታድርጉት። ከመግዛታችሁ በፊት ጠበቃ አማክሩ።

የኪስ ነገር ሲነሳ አፎቱንም ማንሳት አለብኝ። ኤልሲአር በእጅ የሚዘጋ መቆለፊያ ጎኗ ላይ የላትም። ጥበቃዋ የምላጩ ክብደት ነው። ስለዚህ ምላጩን የሚሸፍን የኪስ አፎት ግድ ነው፤ በዚያ ኪስ ውስጥም ሌላ ምንም ነገር አይገባም። ቁልፍም፣ ሳንቲምም፣ ስልክም። የቦርሳም እንደዚሁ፤ ለብቻው የሆነ ኪስ ከነአፎቱ። ቦርሳዋን ወንበር ላይ አንጠልጥላ ልጆች መሃል የምትቀመጥ እናት ግን ቦርሳ ውስጥ ባትይዝ ይሻላል።

ምክንያቱም ከባድ ምላጭ የልጅ መከላከያ አይደለም። ልጅ በሁለት እጁ፣ በሁለት አውራ ጣቱ ይስበዋል። ቨርጂኒያ ውስጥ የጎረሰ መሣሪያ ከ14 ዓመት በታች ያለ ልጅን አደጋ ላይ በሚጥል ሁኔታ በቸልተኝነት መተው ወንጀል ነው፤ ሕጉ ባይኖርም ያው ነው። ቤት ስትገባ ወዲያው የምትቆለፍበት ትንሽ የብረት ሣጥን ከሽጉጧ ጋር አብሮ መገዛት አለበት። ስለ ቤት ካነሳሁ የማልዘለው አንድ ነገር አለ። አሜሪካ ውስጥ በመሣሪያ ከሚሞተው ሰው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ራሱን የሚያጠፋ ነው። ቤታችሁ ውስጥ ያዘነ፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ከሰው የራቀ ሰው ካለ፣ ይህ ጊዜ ሽጉጥ የሚገባበት ጊዜ አይደለም። ያለው ካለም ለጊዜው ከቤት ይውጣ። 988 ላይ ሌት ተቀን የሚያነጋግር ሰው አለ።

ታዲያ ለማን ትሁን? መልሴ ብዙዎችን አያስደስትም። ይህቺ ሽጉጥ የልምድ ሰው ሽጉጥ ናት። ትልቅ ሽጉጥ ተኩሶ የተማረ፣ ምላጭ በዝግታ መሳብ እጁ የለመደ፣ በሙቀት ቀን ትልቁን መሸከም የማይችልበት ምክንያት ያለው ሰው ቢይዛት በጣም ታገለግለዋለች። ለእሱ የተሠራች ናት ማለት ይቻላል። ጀማሪ ከእሷ ባይጀምር ደስ ይለኛል።

ሪቮልቨር ብቻ ነው የምፈልገው ለሚል ጀማሪ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ክብደት መቀበል ነው። የዚያው የሩገር ኤስፒ101 ሙሉ ብረት ናት፣ ከ700 ግራም በላይ ትመዝናለች። ለኪስ አትመችም፤ ሱቅ ውስጥ ወይም ቤት ለሚቀመጥ ግን ኪስ ምን ያደርጋል? ሁለተኛው ጥይቱን ማሳነስ ነው። ኤልሲአር በ22 ጥይት የምትሠራ ወንድም አላት፤ ስምንት ትይዛለች፣ 420 ግራም ገደማ ናት። ምቷ የለም ማለት ይቻላል። የ22 ጥይት ጉልበቱ አነስተኛ ነው፣ ከሌሎቹ ይልቅም ይከሽፋል፣ ምላጩም ከ38ቷ ጠንከር ይላል። ይህን ሁሉ አውቄ ነው የምለው፤ ዓይን ገልጦ የሚተኮስ ትንሽ ጥይት ዓይን ተጨፍኖ ከሚተኮስ ትልቅ ጥይት ይሻላል።

ቀድሞውኑ 38ቷን የገዛችሁ ደግሞ አትሽጧት። ጥይቱን ቀይሩ። ዋድካተር የሚባል ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ 38 አለ፣ ለዒላማ ተኩስ የተሠራ። ግፊቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ በቀላል ሽጉጥ እንኳን አያሳምምም፤ ብዙ የቆዩ ተኳሾች ለመለማመጃ ብቻ ሳይሆን ለመሸከሚያም ይመርጡታል። በሣጥኑ ላይ ፕላስ ፒ የሚል የተጻፈበትን፣ ግፊቱ የተጨመረውን፣ ለኋላ አቆዩት። ከእያንዳንዱ ልምምድ አምስት ወይም አሥር ጥይት በዝግታ፣ ከዚያ እጅ ሳይደክም ማቆም። ቤት ውስጥ ደግሞ ጥይቶቹን ሌላ ክፍል ትቶ፣ ሲሊንደሩን ሁለቴ አይቶ፣ አፈሙዙን ጥይት ሊያቆም ወደሚችል ግድግዳ አዙሮ ባዶ ምላጭ መሳብ። ማነጣጠሪያው ላይ ሳንቲም አስቀምጦ ሳይወድቅ መሳብ የሚችል ሰው ግማሹን ተምሯል።

እትዬ ኤስፒ101ን መረጠች። በዋድካተር አምስቱንም ወረቀቱ ላይ አሳረፈች፤ ዓይኗም ተገልጦ ነበር። «ትከብዳለች» አለችኝ ስትመዝናት። አዎ፣ ትከብዳለች። ከካሸር ማሽኑ ሥር በብሎን በታሰረ ትንሽ የብረት ሣጥን ውስጥ ነው የምታድረው፤ ቁልፉን የሚያውቀው እሷና የማታ ፈረቃ የሚሠራው ልጇ ብቻ ናቸው፣ እሱም የመሣሪያ አያያዝ ኮርስ ወስዷል። በወር አንድ ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሬንጅ ይሄዳሉ።